ልጅና እርሳስ በቤተ መዘክር ውስጥ

ልጅን በዕረፍት ቀን ወደ ቤተ መዘክር መውሰድ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደምንታዘበው፥ ልጁ በአንደኛው በር ገብቶ በሁለተኛው ይወጣል፤ ማታ «ምን አየህ?» ተብሎ ሲጠየቅም «ብዙ ነገር አየሁ» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። ብዙ ነገር አየሁ የሚል ሰው አንዱንም በቅጡ አላየም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እኛም ለዚህ ነገር አንድ ርካሽ መድኃኒት ማግኘታችንን፥ ያገኘነውም ከገዛ ስሕተታችን መሆኑን፥ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንነግር አሰብን። መድኃኒቱም አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ነው።

«መዘክር» የሚለው ቃል «ዘከረ» ካለው የግእዝ ግሥ የወጣ መሆኑን የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ዘከረ ማለት አሰበ፥ አስታወሰ ማለት ነው። እንግዲህ ቤተ መዘክር የማሰቢያ ቤት እንጂ የመሮጫ ሜዳ አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከሥራችን ፈቃድ ተቀብለን፥ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ የሚኖረውን ታናሽ ወንድማችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ወንድማችንና ባለቤቱ ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ቀን ቀን ከእኛ ጋር የሚውለው የዐሥር ዓመት ልጃቸው ነበር። ልጁ ብልህና ጨዋ ነው፤ ዳሩ ግን እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ስለ ሆነ አማርኛው ጥቂት ነው። «እርስዎ» ማለትን አልለመደምና እኛን የአባቱን ታላቅ ወንድም «አንተ» እያለ ይጠራን ነበር። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ የመጽሐፍ እንጂ ከልጅ ጋር የሚያጫውት አይደለም። ስለዚህ ሁለታችን በአንድ ቤት ውስጥ ጥቂት ቃል ብቻ ተለዋውጠን የምንውልበት ቀን ብዙ ነበር። ፊደል ልናስቈጥረው ብንጀምር፥ እኛ በተማርንበት ልማድ «ሀ» በል፥ «ሁ» በል ስንለው ሦስት ቀን ታገሠና በአራተኛው ቀን ሸሸን። ወንድማችንም ማታ ማታ «ይህ ልጅ ከዘመዶቹ እየተለየብኝ ነው» እያለ ሲያዝን እንሰማ ነበር።

ልጁ የሚወዳቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እነዚህም አይሮፕላንና ሥዕል ናቸው። ስለዚህ ወንድማችን የሁለት ቀን ፈቃድ ተቀብሎ፥ ከኮለምበስ በስተምዕራብ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፋ ወደምትገኘው ወደ ዴይተን ከተማ ወሰደን። ዴይተን አይሮፕላንን የፈለሰፉት የዊልበርና የኦርቪል ራይት ከተማ ናት። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የእነዚህ ወንድማማች ታሪክ ለቤተሰብ የሚነገር ታሪክ ነው። አባታቸው ሚልተን ራይት የፕሮቴስታንት ጳጳስ ነበሩ። በ1878 ከመንገድ ሲመለሱ ከወረቀት፥ ከቀርከሃና ከቡሽ የተሠራች፥ በተጠመዘዘ ጎማ ኃይል ወደ ላይ የምትበር አንዲት መጫወቻ ለልጆቻቸው አመጡላቸው። ዊልበር የ11 ዓመት፥ ኦርቪል የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ልጆቹ እስክትሰበር ድረስ ተጫወቱባት፤ ከተሰበረች በኋላ ግን ሌላ ግዙልን ብለው አላለቀሱም፤ እርስዋን እያሰቡ በገዛ እጃቸው ሌላ ሠሩ። እናታቸው ሱዛን ደግሞ የልጆቻቸውን መጫወቻ በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የምስክር ወረቀት ሳይቀበሉ ቀርተው ብስክሌት ሠሪዎች ሆኑ። እኅታቸው ካትሪን ግን ከፍተኛ ትምህርት ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ ለወንድሞችዋም ታላቅ ረዳት ነበረች። በዲሴምበር 17 ቀን 1903፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም.፥ በሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ኦርቪል ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። በረራው 12 ሰከንድ ቈየ፤ ርቀቱም 36 ሜትር ያህል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ቤተ መዘክር ወደሚባለው ታላቅ ሥፍራ ሄድን። መግቢያው ያለ ክፍያ ነው። በውስጡ ከ350 የሚበልጡ አይሮፕላኖችና ሚሳይሎች አሉ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ይሳፈሩበት የነበረው ትልቁ አይሮፕላን እንኳ ከዚያ ቆሟል። ልጁ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየሮጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ያህል ገጽ ጀመረ፤ አንዱንም አልፈጸመም። እኛም እግራችን ዝሎ ከወንበር ወደ ወንበር እየተዘዋወርን እንጠብቀው ነበር።

በመጨረሻ አንድ የሚያብለጨልጭ ትልቅ አይሮፕላን አግኝቶ ከፊቱ ተቀመጠና በትጋት መሣል ጀመረ። ይህ «ቦክስካር» የሚባለው፥ በኦገስት 9 ቀን 1945 በጃፓን በናጋሳኪ ከተማ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለው አይሮፕላን ነው። አባቱ ይህን በነገረው ጊዜ ልጁ እርሳሱን አቁሞ፥ «ከታች ልጆች ነበሩ?» ብሎ ጠየቀ። አባቱም «ነበሩ» አለው። ልጁ ጥቂት ቈይቶ ደብተሩን አጠፈ። እኛም በዚያ ቀን አንድ ነገር ተማርን። ዕቃ ውበቱን ለዐይን ያሳያል እንጂ ሥራውን ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ስለዚህ ከልጅ አጠገብ የሚጠየቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

በማግሥቱ ካሪሎን ወደሚባለው የከተማይቱ የታሪክ ሥፍራ ሄድን። ይህ ሥፍራ ኤድዋርድ ዲድስ በሚባሉ የከተማይቱ ሰው አሳቢነት ተሠርቶ በ1950 የተከፈተ ሲሆን፥ የዴይተን የቀድሞ ኑሮ የሚታይበት ነው። በዚያ ካሉት ቤቶች ውስጥ በ1796 ከግንድ የተሠራው የኒውከም ቤት የከተማይቱ አንጋፋ ሕንጻ ነው። ለመንገደኛ ማደሪያ፥ ለቤተ ክርስቲያንና ለፍርድ ቤት ጭምር ያገለግል ነበር። እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ በመሆናችን፥ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚጽፍ ባልንጀራችን ወዴት ተቀምጦ ይሆን እያልን አሰብን። የዚህ ቤት ታሪክ የሚያስገርም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፥ ቤቱ በሳንቃ ተለብጦ ተራ ቤት መስሎ ሳለ ሊፈርስ ታዘዘ። ሳንቃው ሲነሣ ግን የጥንቱ ግንድ ከሥሩ ተገኘና ከመፍረስ ዳነ። ሰዎች በየቀኑ በደጁ ሲያልፉ ያዩት ልባሱን ብቻ ነበር።

ከዚያም ወደ ታላቁ ነገር ደረስን። ይኸውም ራይቶች በ1905 የሠሩት ሦስተኛው አይሮፕላን ነው። የመጀመሪያው የ1903 አይሮፕላን የሚገኘው በዋሽንግተን ነው፤ ነገር ግን ተመላልሶ ለመብረርና ለመታጠፍ በእውነት የበቃው ይህ ሦስተኛው ነው። በኦክቶበር 5 ቀን 1905፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በመስከረም 25 ቀን 1898 ዓ.ም.፥ ዊልበር ከዴይተን ወጣ ባለ የከብት ማሰማሪያ ላይ እየዞረ 39 ደቂቃ ያህል በረረ፤ የበረረበትም ርቀት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። የወረደውም ቤንዚኑ ስላለቀ ነው። ይህ አይሮፕላን በ1908 ከበረረ በኋላ ተትቶ ቈይቶ፥ ክፍሎቹ ከብዙ ዘመን በኋላ ተሰበሰቡ። ኦርቪል ራሱ እየተቈጣጠረ ሲታደስ ሳለ፥ በጃኑዋሪ 1948 ሞት ቀደመውና በሥፍራው ቆሞ ሳያየው ቀረ። ሰው ከላይ ሆኖ አሠራሩን ሁሉ እንዲመለከተው ከወለሉ ዝቅ ባለ ሥፍራ እንዲቀመጥ የመከረው እርሱ ነው ይባላል።

ልጁን «ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ትሥላለህ» ብለነው ስለ ነበር፥ ከመከታው አጠገብ ተቀምጦ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይናገር ሣለ። ሁለቱን የጨርቅ ክንፎች፥ በመካከላቸው የቆሙትን የእንጨት ቋሚዎች፥ ከኋላ ያሉትን ሁለት ፕሮፔለሮች አወጣ። ከዚያም ሞተሩን ሲሥል ወደ አንድ ወገን አድርጎ አኖረው። እኛም ጐንበስ ብለን አየነውና «ሞተር በመካከል ነው የሚሆነው፤ ይህ ተጣሟል፤ አጥፋና አስተካክል» አልነው። ልጁም አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አይሮፕላኑን፥ አንድ ጊዜም እኛን አየ። ከዚያም በላጲስ አጠፋና ሞተሩን ከመካከል አድርጎ ሣለው። እኛም «አሁን አማረ» አልነው።

ጥቂት ቈይቶ በዚያ ጐብኚዎችን የሚያስረዱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሥዕሉን አይተው አመሰገኑና፥ ከላጲሱ ሥር ደብዝዞ የሚታየውን የፊተኛውን መሥመር በጣታቸው እያመለከቱ፥ «ይህን ማን አጠፋው? ትክክል የነበረው ይህ ነው» አሉ። እኛም ያን ጊዜ ብቻ ዐይናችንን ከወረቀቱ አንሥተን አይሮፕላኑን አየን። በእውነትም ሞተሩ ያለው ከመካከል ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ ነው፤ አብራሪው በሆዱ የሚተኛበት ሥፍራ ደግሞ ወደ ግራ ነው። ሽማግሌው እንዳስረዱን፥ ራይቶች እንዲህ ያደረጉት አይሮፕላኑ በአፍንጫው ቢወድቅ ሞተሩ በሰውየው ላይ እንዳይጫነው፥ ደግሞም የሁለቱ ክብደት ግራና ቀኝ እንዲመዛዘን ነው። በ1903ቱ አይሮፕላን ላይ ሞተሩ ከሰውየው የሚከብድ ስለ ነበር፥ የቀኙን ክንፍ ከግራው በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዝመውት ነበር። እኛ «ተጣሟል» ያልነው ነገር የሰው ነፍስ ለማዳን የታሰበ ኖሯል።

በዚያች ሰዓት ትዝ ያለንን ነገር ሳንሸሽግ እንናገራለን። ከሃያ ዓመት በፊት፥ በጽሕፈት ሥራ ገና ጀማሪ ሳለን፥ አንዲት እናት የተሰረቀባቸውን ነጠላ ለይተው እንዲናገሩ ተጠርተው ቀረቡ። ነጠላው የሞተች ልጃቸው ነበረ። «ጥለቱ በአንድ ጫፍ ብቻ ነው» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። እኛም ነጠላ በሁለቱም ጫፍ ጥለት እንዲኖረው ስለምናውቅ፥ እናቲቱ በድንጋጤ የተሳሳቱ መስሎን «በሁለቱም ጫፍ» ብለን ጻፍን፤ ቃላቸውንም በጥድፊያ አንብበንላቸው ጣታቸውን አስፈረምን። ነጠላው ለማስረጃ ከተቀመጠበት ወጥቶ ሲታይ ጥለቱ በአንድ ጫፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተከሳሹም ጠበቃ «ቃላቸውና ዕቃው አይስማሙም» ብሎ ተቃወመ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቀጠሮ ተለዋወጠ፤ እናቲቱም ከሩቅ አገር በእግር የሚመጡ ስለ ነበሩ በሦስተኛው ቀጠሮ ሳይመጡ ቀሩ። ነጠላውን ለእጃቸው ሳናደርስ መቅረታችን እስከ ዛሬ ድረስ ይቈጨናል። እርሳቸው ያዩትን ተናገሩ፤ እኛ ግን የምናውቀውን ጻፍን።

ስለዚህ ከልጁ አጠገብ ተቀምጠን፥ ያላየነውን እንዲሥል ማዘዛችን በደል መሆኑን ነግረን ይቅርታ ለመንነው። እንዲህ ያለ ነገር ከታላቅ ወደ ታናሽ የተለመደ ስላልሆነ ልጁ መጀመሪያ አፈረ። ከዚያም ከደብተሩ አንድ ወረቀት ገንጥሎ ሰጠንና «አጎቴ፥ አንተም ሣል» አለን። ከልጅነታችን ወዲህ ሥዕል ሥለን አናውቅም፤ ነገር ግን እንቢ ማለት አልቻልንም። ስንሥልም ሞተሩን ከፕሮፔለሮቹ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ካቴናዎች አንድ ዓይነት አድርገን አወጣናቸው። ልጁ አይቶ ሣቀና «አላየህም፤ አንዱ ይሻገራል» አለን። ተመልክተን ብናይ አንደኛው ካቴና እንደ ስምንት ቍጥር ተቈላልፎ ሄዷል፤ ሁለቱ ፕሮፔለሮች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እየዞሩ እንዲመዛዘኑ የተደረገ ብልሃት ነው። ካቴናው የብስክሌት ሠሪዎች እጅ የገባበት ለመሆኑ ምስክር ነው። እነሆ፥ የዐሥር ዓመት ልጅ የአርባ ዓመት ሰው አስተማረ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ እያዩ አንድ ታሪክ ነገሩን። ራይቶች በዚያ ማሰማሪያ ላይ ሲበሩ ብዙ ጋዜጦች ነገሩን ቸል ይሉት ነበር፤ ሊያዩ ሳይሄዱ ሊሆን አይችልም የሚሉም ነበሩ። ነገር ግን በዚያው በኦሃዮ የሚኖር አሞስ ሩት የሚባል ንብ አርቢ ሊያይ መጣ። በሴፕቴምበር 20 ቀን 1904 አይሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዙር ዞሮ ሲመለስ በዐይኑ አየ፤ ያየውንም በጃኑዋሪ 1905 ስለ ንብ እርባታ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ጻፈ። እንግዲህ ዓለም ስለዚያ በረራ እማኝነት ያገኘው ከንብ አርቢ መጽሔት ነው። ሰውየው የአይሮፕላን ሊቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ሄዶ አየ፥ ያየውንም ጻፈ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ልጁ የየክፍሉን ስም በጐኑ ሊጽፍ ፈለገ። በእንግሊዝኛ ጥቂት ከጻፈ በኋላ ዘወር ብሎ «ይህ በአማርኛ ምንድር ነው?» አለን። «ክንፍ» አልነው። «እንዴት ይጻፋል?» አለን። በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍንለት፤ እርሱም ፊደሉን እንደ ሥዕል እየተመለከተ ገለበጠው። ቀጥሎ «ሞተር»፥ ቀጥሎ «ካቴና» ጻፈ። በሦስት ቀን ትግል ያላስያዝነውን ፊደል ያን ቀን በገዛ ፈቃዱ ያዘ። አባቱ ከኋላችን ቆሞ ያይ ነበር፤ ምንም አልተናገረም።

ወደ አገራችን ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ የልጁ ሥዕል በስልክ ደረሰን። የእናቱን ጀበና ሥሎታል፤ በጐኑም «ጀበና» «አፍ» «ጆሮ» ብሎ ጽፏል። ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ መሆኑን እንኳ አልተወም። ከታችም በተንጋደደ ፊደል «ለአጎቴ፥ ያየሁት ነው» የሚል አለበት።

ከዚህ የተነሣ ለወላጆች ልናሳስብ የምንወደው ጥቂት ነገር ነው። ልጃችሁን ወደ ቤተ መዘክር ስትወስዱ እርሳስ፥ መቅረጫና ደብተር ያዙለት። ቀለምና ብዕር የማይፈቀድበት ቤተ መዘክር ብዙ ስለ ሆነ፥ ለመሣልም ቢሆን አስቀድሞ ጠባቂውን መጠየቅ መልካም ነው። በአንድ ቀን አንድ ዕቃ ቢበዛም ሁለት ይበቃዋል። ከመሣሉ በፊት ዕቃውን ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ይመልከተው፤ የሚቈጠረውን ይቍጠር፥ ያልተስተካከለውንም ይፈልግ። ሲሥል አታርሙት፤ የተሳሳተ ቢመስላችሁ «እስቲ እንደ ገና ተመልከት» በሉት፤ እናንተም አብራችሁት ተመልከቱ። በመጨረሻ የዕቃውን ስም፥ የተሠራበትን ነገርና ያየበትን ቀን ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ። ከተቻለም አጠገቡ ተቀምጣችሁ ሣሉ።

ለዚህ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፥ ፋሺስቶች ለሥልጣናቸው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የገነቡት ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ ከላዩ ግን የድል ምልክት ሆኖ የአንበሳ ምስል ተቀምጦበታል። ልጃችሁ ደረጃዎቹን እየቈጠረ ቢሥላቸው፥ ለምን እዚያ ላይ እንደ ቆሙ መጠየቁ አይቀርም። ስለ አይሮፕላንም ቢሆን የራሳችን ታሪክ አለን። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ነበር። ከዚያም በ1935 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአገራችን የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን፥ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ ብዙ ዘመን በዚያ አገር ቤተ መዘክር ከቆየች በኋላ፥ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ዕቃ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ የሚገባው አቀባበል ጭብጨባ ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ተቀምጦ በጥንቃቄ የሚያየው ልጅም ያስፈልገዋል።

እኛም ወደ ሥራችን ተመልሰን የምስክር ቃል ስንጽፍ፥ የማናምነው ነገር ሲገጥመን እጃችንን ጥቂት እናቆማለን። ከዚያም «እስቲ እንደ ገና ይንገሩኝ» ብለን እንጠይቅና እንደ ተነገረን እንጽፋለን።